ያልተቀመሰው ገንቦ

አቶ አስረስ የሞቱት ስለ መጠጥ እያወሩ ሳለ ነው።

ዕለቱ አስተርዮ ማርያም ነበር፤ ዘመኑ 1971 ዓ.ም.። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኘው ቤታቸው ጥቂት እንግዶች ተቀምጠዋል። ወሬው ቀላል ነበር፤ ማን የትኛውን መጠጥ ይወዳል የሚል። መሪጌታ ከበደ የገብስ ጠላን የሚያህል የለም አሉ። የቤቱ እመቤት የወይዘሮ ስህን ወንድም አምሳሉ አረቄን አስቀደመ፤ ደረትን የማያሞቅ መጠጥ አልለውም አለ። የማር ነጋዴው አቶ ኑርዬ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው በማግስቱ ራስ የማያሳምመው ነው ብለው ሰዉን አሳቁ። እሳቸው ሙስሊም ናቸውና የሚያሰክር አይቀምሱም፤ ቀልዳቸውንም ሁሉም ያውቀዋል።

አቶ አስረስ ግን የተናገሩት ስለ አቀማመጥ ነው። መጠጥን መጠጥ የሚያሰኘው አቀማመጡ ነው አሉ። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ አፉ በጨርቅ ይታሰራል፤ ጨርቁ በጭቃ ይመረጋል፤ ከዚያ ከብርሃንና ከሰው ኮቴ ርቆ ይቀመጣል። የፈረንጅ ወይን እንኳ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ተጋድሞ እንደሚቀመጥ በጣሊያን ጊዜ አይቻለሁ አሉ። ይህን ብለው ብርሌያቸውን አነሡ። ተጎነጩ። ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ዛሬስ መሯል» አሉ ፈገግ ብለው።

ጨርሰው ጠጡት።

ብዙም ሳይቆይ አንገታቸው ተገተረ። መንጋጋቸው ተቆለፈ። ጀርባቸው እንደ ቀስት ተለጠጠና ከመደቡ ወደቁ። ሰዎቹ እጅና እግራቸውን ይዘው እያሉ ትንፋሻቸው ቆመ።

የፖሊስ አምሳ አለቃ አሻግሬ ከሐይቅ ከተማ የደረሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ንግግሩ የዘገየ፣ ሲያዳምጥ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር። ሬሳውን ገለጥ አድርጎ አየ። የእግሮቹን ጣቶች ተመለከተ፤ ወደ ውስጥ ተቆልምመዋል። እንዲህ ያለ ሞት በዚያው ወር በከተማው አይቶ ነበር። ባለቤት ያጡ ውሾች በመርዝ ሲጠፉ የሞቱት እንደዚህ ነው። መርዙም በብዙ ሰው እጅ አልፏል።

ነፍሰ ገዳዩ ግን ቀድሞ ተገኝቷል ተባለ። አቶ ኑርዬ እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ በገበሬ ማኅበሩ እህል ቤት ተዘግቶባቸዋል። ያሰራቸው የማኅበሩ የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ የሆነው አምሳሉ ነው። በማግስቱ ከደሴ መኪና ይመጣል፤ የማኅበር አባል የገደለ ፀረ አብዮት ተብለው ይወሰዳሉ። በዚያ መኪና ተወስዶ የተመለሰ ሰው አሻግሬ አላየም።

አምሳሉን በግቢው ባለው ዋርካ ሥር አስቀምጦ ጠየቀው።

«መርዙ በምን ገባ?»

«በብርሌው። ኑርዬ ከጎናቸው ነበር የተቀመጠው፤ እጁ ይደርሳል።»

«ሲጨምር አየኸው?»

«ማየት አያስፈልግም። ሁላችንም ስንጠጣ እሱ አንዲት ጉንጭ አልቀመሰም። ያውም ብርዝ ተዘጋጅቶለት። የሠራውን የሚያውቅ ሰው አይጠጣም።»

«ጠጁን የቀዳ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። በመዳፌ ጠብ አድርጌ ሁሉም እያየ ቀምሻለሁ። መሪጌታን ይጠይቋቸው።»

አሻግሬ መሪጌታን ጠየቀ። እውነት ነው አሉት። ቀጂ በመዳፉ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም፤ አምሳሉም ሥርዓቱን አላጓደለም። ጠጁም ለስላሳ ነበር፤ ምሬት የሚባል አልነበረውም።

«ታዲያ አቶ አስረስ መሯል ያሉት ምኑን ነው?»

መሪጌታ እንደነገሩት፣ ሟች ሁልጊዜ ብርሌያቸውን ይዘው ጓዳ ይገቡና ራሳቸው ቀድተው ይመለሳሉ። ወዳጆቻቸው በዚህ ያሾፉባቸው ነበር። ከጓዳው ውስጥ የታሸገ ጋን አለ፤ አስረስ ጥሩውን ለራሱ ደብቆ እኛን ተራውን ያጠጣናል ይሏቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም።

አሻግሬ ወደ ጓዳው ገባ።

ሁለት ጋኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ክፍት ነው፤ እንግዶቹ ሁሉ የጠጡት ከሱ ነው፤ ማንም አልታመመም። ሁለተኛው የታሸገ ነው። ጎንበስ ብሎ ምርጊቱን ዳሰሰ። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከጋኑ አፍ እስከ ግድግዳው ሸረሪት አድርታለች። ይህ ጋን ከታሸገ ወዲህ የነካው ሰው የለም።

እንግዲህ አቶ አስረስ ከክፍቱ ጋን አልጠጡም፤ ከታሸገውም አልጠጡም።

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ዕቃዎቹን ተመለከተ። ቤቱ የለቅሶ ቤት ነው፤ ዕቃ ያጠበ ሰው የለም። ብርሌዎቹ ዝንብ ወሯቸው እንደተደፉ ናቸው። ሳህኑ ወጡ ደርቆበታል። ማንቆርቆሪያው ከመሬት ወድቋል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል አንዲት ትንሽ ገንቦ ብቻ፣ ለብቻዋ ከጭቃው መደርደሪያ ላይ፣ ታጥባ ተገልብጣለች።

ወይዘሮ ስህንን አስጠራ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድምጿ በለቅሶ ተዘግቶ መጣች።

«ይህች ገንቦ የማን ናት?»

«የአያ ኑርዬ ናት። ብርዛቸውን የማስቀምጥላቸው በእሷ ነው።»

ማር ስትበጠብጥ ጌሾ ሳይነካው ለሳቸው ቀድማ እንደምታወጣ ነገረችው። ገንቦዋ ጠጅ ገብቶባት አያውቅም። ጠጅ የነካ እጅ አይነካትም። ስለዚህም ቀጂው ሁሉን ሲቀምስ ይህችን አይቀምስም፤ በመዳፉ ያለው ጠጅ መጠጣቸውን እንዳያረክስባቸው። አክብሮት ነው። ከአያቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ በዚያ ቤት የሙስሊም ወዳጅ ገንቦ ሳይቀመስ ይቀርባል።

«ማን አጠባት?»

«እኔ አላጠብኩም። ምን ልብ አለኝና።»

አሻግሬ ቀስ ብሎ፣ ሟች ከመጠጥ ሁሉ የሚወዱት ምን እንደነበረ ጠየቃት። ወይዘሮ ስህን ወደ ታሸገው ጋን አየች፤ እንባዋም ቀደማት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ደሴ ይማር የነበረው አንድ ልጃቸው አራጋው ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥቶ ሳለ ተያዘ። የወሰደው አጎቱ አምሳሉ ነው፤ ለጥያቄ ነው ብሎ። ኋላም ደሴ እስር ቤት እንደተላከ ነገራቸው። አቶ አስረስ ግሸን ወጥተው ተሳሉ። የልጄ እግር ደፌን እስኪሻገር የሚያሰክር ነገር በአፌ አይገባም አሉ። ተመልሰውም ያንን ጋን በገዛ እጃቸው አሸጉት፤ ልጃቸው ሲመጣ ሊከፍቱት። ስለቱን ለሰው አላወሩም። እንግዳ ሲኖር ጓዳ ይገባሉ፤ ከኑርዬ ገንቦ ብርዝ ወደ ብርሌያቸው ይቀዳሉ፤ መልኩ ጠጅ ነውና ማንም አይለየውም።

«ይህን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ነበር?»

«አያ ኑርዬ ብቻ።»

«ወንድምዎስ?»

«አያውቅም። ልጁን የሚረዳልን እሱ ነው፤ ስንቁን የሚያደርስልን እሱ ነው። አስረስ ግን ስለት ሲወራ ይበላሻል ብሎ ለሱም አልነገረውም።»

አሻግሬ ከበርጩማው ተነሣ። መርዙ በትንሿ ገንቦ ነበር። ከዚያች ገንቦ የሚጠጣ ሰው ደግሞ፣ ዓለም ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ብቻ ነው። ሞት ወደዚያ ቤት የመጣው አቶ አስረስን ፍለጋ አልነበረም።

ወደ እህል ቤቱ ሄደ። አቶ ኑርዬ በጆንያ መካከል ተቀምጠዋል፤ ገመዱ የእጃቸውን አንጓ ልጦታል። አሻግሬ ገመዱን ላላ አደረገላቸው።

«ለምን አልጠጡም?»

«ጾም ነበርኩ። ረመዳንን ታምሜ ያፈጠርኩትን የምተካበት ቀዷ ነበረብኝ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ጾሜን ለሰው ላሳይ አልወደድኩም። ለአስረስ ብቻ በጆሮው ነገርኩት። <እንግዲያው ድርሻህንም እኔ እጠጣልሃለሁ> አለኝ።» አቶ ኑርዬ ቆም አሉ። «ጠጣልኝ።»

አሻግሬ ፊቱን ወደ በሩ መልሶ ጥቂት ጠበቀ።

«ጠጡ እያለ የጎተጎተዎት ሰው ነበር?»

«አምሳሉ ነበር። <የማር ነጋዴ ማር ይጠላል እንዴ> እያለ አላስቀምጥ አለኝ። ጨዋታ መስሎኝ።»

«ሞትዎን ለምን ፈለገው?»

አቶ ኑርዬ ዓይናቸውን ወደ ጆንያው መለሱ። ነገ መኪናው እንደሚመጣ አሻግሬ አስታወሳቸው፤ ዝም ካሉ እሱ የሚያደርግላቸው ነገር እንደሌለም ነገራቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ወላሂ አምሳ አለቃ፣ እኔ ከተናገርኩ ለዚያች ሴት አንድም ሰው አይቀራትም። ባሏን አጥታለች። ዛሬ ይብቃት።»

ከዚህ በላይ አልወጣቸውም።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ተቀበረ። ለቀስተኛው ሲበተን አሻግሬ በዕለቱ የነበሩት ሰዎች ብቻ ወደ ቤት እንዲገቡ ጠየቀ። ለቅሶ ቤት መሣሪያ ተይዞ አይገባም ብሎ የአምሳሉን ጠመንጃ አብሮት ለመጣውና ከደጅ ለቆመው ፖሊስ አስረከበው። አቶ ኑርዬንም አስፈትቶ አስመጣቸው። አምሳሉ ተቃወመ። አሻግሬ ነገ መኪናው እስኪመጣ ኃላፊነቱ የኔ ነው አለው።

ሁሉም እንደዚያን ዕለት ተቀመጡ። የአቶ አስረስ ቦታ ባዶ ነው።

አሻግሬ ወሬ ጀመረ። ያውም የመጠጥ ወሬ። እሱ ራሱ በወታደርነቱ ዘመን ጠጅ ይወድ እንደነበረ፣ ጉበቱን ታሞ እንደተወ፣ አሁን ደስ የሚለው ውሃ ብቻ እንደሆነ በዝግታ ተረከ። መሪጌታ ግራ ገባቸው፤ ቢሆንም ለወጉ ያህል ስለ ጠላ ጥቂት ተናገሩ። አሻግሬ ወደ ወይዘሮ ስህን ዞሮ፣ ወንድሟ በልጅነቱ ምን ይወድ እንደነበር ጠየቃት።

«ብርዝ ነዋ» አለች። «እናታችን የትም ብትደብቀው አነፍንፎ ያገኘዋል። አንድ ቀን ከገንቦው ውስጥ ጭንቅላቱ ሊቀረቀር ምንም አልቀረውም።»

አምሳሉ ሳይወድ ፈገግ አለ። «ተይ እታለም፣ የልጅነቱን» አለ።

«እንግዲያው ስለ ልጅነትህ ጠጣ» አለ አሻግሬ። «ጉሮሮህም ከቀብር መልስ ደርቋል። የአቶ ኑርዬ ገንቦ ሳይታጠብ ወይዘሮ ስህን የተረፈውን ብርዝ ወደ ቅል ገልብጠውት ኖሯል።»

ወይዘሮ ስህን ቅሉን አመጣች። ሲጠይቃት ቅሉን እንድታመጣ፣ ምንም እንዳትናገርም አሻግሬ አስቀድሞ ነግሯታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገራትም። ብርሌ ሞልታ ለወንድሟ ሰጠችው።

አምሳሉ ተቀበለ። ብርሌው በእጁ ቆመ።

«ጠጣ እንጂ» አለ አሻግሬ።

«አሁን አላሰኘኝም። እኔ አረቄ ነኝ።»

«አንድ ጉንጭ።»

«አላሰኘኝም አልኩ።»

መሪጌታ ከበደ ይህን ሁሉ እንደ ተራ ግብዣ ነው ያዩት። መርዙ በሟች ብርሌ ገባ መባሉን እንጂ ሌላ አልሰሙም። ጉሮሯቸው እውነትም ደርቆ ነበር፤ እጃቸውን ዘረጉ።

«እሱ ካልፈለገ ለኔ አምጣው ልጄ።»

ጣታቸው ብርሌውን ሊነካ ሲል አምሳሉ እጁን መነጨቀ። ብርዙ ከምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ብርሌው ተንከባሎ ከመሪጌታ እግር ሥር ቆመ።

አሻግሬ ብርሌውን አነሣ። በነጠላው ጫፍ ጠረገው። ከቅሉ ቀድቶ ሞላው፤ ቀስ እያለም እስከ ግርጌው ጠጣው።

«ዛሬ ጠዋት የተበጠበጠ ነው» አለ። «ማርና ውሃ። የሠራውን የሚያውቅ ሰው አይጠጣም ያልከኝ አንተ ነህ። መርዙ በብርሌው ገባ ብለሃል፤ ታዲያ የገንቦዋን ትራፊ ለምን ፈራህ? ያጠብካትስ ለምንድን ነው?»

አምሳሉ ወደ በሩ አየ። ከደጅ ያለው ጠመንጃ በፖሊሱ እጅ ነበር።

«መርዙን ለአቶ ኑርዬ ነው ያዘጋጀኸው። አቶ አስረስ ከዚያች ገንቦ እንደሚጠጡ አታውቅም ነበር። ሲወድቁ ከሁሉ ይልቅ የደነገጥከው አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ ያላለቀውን ሥራ በመኪናው ልትጨርሰው አሰብክ።»

ወይዘሮ ስህን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«አያ ኑርዬ ምን አደረጉህ?» አለች ወንድሟን።

መልስ የሰጧት አቶ ኑርዬ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ቃል በቃል እየመዘኑ ተናገሩ። ባለፈው ዓመት ከሐይቁ ዳር ካሉት ቀፎዎቻቸው ማር ሊያዩ ወርደው ነበር። በደንገሉ መካከል ሰዎች ሲቆፍሩ አዩ። አንዱ አምሳሉ ነው። ከአጠገቡ የተጋደመውን ልጅ በትምህርት ቤት ሹራቡ አወቁት። ለልጆቻቸው ፈርተው ዝም አሉ። ዝም ባሉ ቁጥር ግን ስህን ለልጇ ስንቅ ስትቋጥር ያያሉ። በሶ፣ ዳቦ፣ ማር። አምሳሉ ይቀበላል፤ ባዶ ዕቃውን ይመልሳል፤ ልጁ ደኅና ነው፣ በርቺ ብሎሻል ይላታል። ከበዓሉ በፊት ግን አልቻሉም። አምሳሉን ለብቻው አግኝተው፣ ወይ ንገራቸው፣ አለዚያ ከአስተርዮ በኋላ እኔ እነግራቸዋለሁ አሉት።

«ገና ያኔ ከቀፎዎቹ ስመለስ መናገር ነበረብኝ» አሉ። «አልተናገርኩም።»

ወይዘሮ ስህን ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«ማሩን ማን ይበላው ነበር?» አለች።

አምሳሉ ፊቱን ሸፈነ። ድምፁ ዝቅ ብሎ መጣ። የእህትህ ልጅ የአብዮት ጠላት ነው፣ ከማን ወገን እንደሆንህ በሥራ አሳይ አሉኝ አለ። እኔ ባልሠራው ሌላ ይሠራው ነበር፤ እኔም አብሬው እጋደም ነበር አለ። ስንቁን ግን መከልከል አቃተኝ፤ ብትጠይቀኝ ምን እላት ነበር አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አሻግሬን አየው።

«ለልጁ የሚጠይቀኝ የለም። ጠመንጃውን የሰጡኝ ለዚያ ነው።»

እውነት እንደሆነ አሻግሬ ያውቃል።

በማግስቱ መኪናው መጣ። አሻግሬ የማኅበሩ አባል አቶ አስረስ በአምሳሉ እጅ መገደላቸውን ብቻ አስረዳ፤ መሪጌታም ያዩትን መሰከሩ። የልጁን ነገር ሊያነሣ ሲጀምር፣ የመኪናው አለቃ ያ ያለቀ ጉዳይ ነው ብሎ አቋረጠው። አምሳሉን ወሰዱት። ምን እንዳደረጉት ለማንም አልተነገረም።

ያለቀው ጉዳይ ከሐይቁ ዳር ነበር። አሻግሬ ፈቃድ አልጠየቀም። አቶ ኑርዬ ቦታውን አሳዩ፤ የመንደሩ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድነት ቆፈሩ። ሹራቡ አልበሰበሰም። አፅሙን በአቡጀዲ ጠቅልለው፣ በቃሬዛ አድርገው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያቀኑ መንገዱ በአቶ አስረስ ደጅ ያልፋል።

ወይዘሮ ስህን ከበሩ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

«መጀመሪያ ደፉን ይሻገር» አለች።

ተሸካሚዎቹ ወደ መሪጌታ አዩ። መሪጌታ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ፈቀዱ። ቃሬዛውን ዝቅ አድርገው አስገቡት፤ ከቤቱ መካከል ለጥቂት ጊዜ አሳረፉት፤ አወጡት።

ከቀብር ሲመለሱ የታሸገው ጋን ከደጅ ወጥቶ ነበር። ወይዘሮ ስህን ደረቁን ጭቃ በጣቶቿ ፈረፈረችው። ጨርቁን ፈታች። ጠጁ ጠርቶ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። ባሏ እንዳለው ነበር፤ አቀማመጡ አሳምሮታል። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለቆፋሪዎቹ መቅዳት ጀመረች። ሰዎቹ እየተቀበሉ በዝምታ ጠጡ። ስለ ጣዕሙ የተናገረ አልነበረም።

በመጨረሻ ጓዳ ገባች። እጇን ታጥባ ትንሿን ገንቦ ይዛ ወጣች። አቶ ኑርዬ ፊት ቆመች። ያኔ በዚያ ቤት ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረገች፤ ከገንቦዋ ብርዙን በመዳፏ ጠብ አድርጋ፣ እሳቸው እያዩ ቀመሰችው።

«ለኔ አያስፈልግም ነበር ስህን» አሉ አቶ ኑርዬ።

«አውቃለሁ አያ ኑርዬ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሳይቀመስ አይቀርብም ብዬ ነው።»

ኩባያቸውን ሞላችላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ። ባዶውን ኩባያ መልሰው ዘረጉላት። ስትሞላው ቆዩ፤ ሁለተኛውንም ሳያቋርጡ እስከ ግርጌው ጠጡት።

«ይሄ የአስረስ ድርሻ ነው» አሉ።